በርጫ ላይ ተብሎ ነበር

ለውድ ወንድሜ አብዲራህማን፣

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህ አሁንም ከመኝታ ስትነሳ ይይዝሃል ወይስ የጅቡቲ ሙቀት አላላልህ? ባለቤትህ ኢፍራህስ? ሉቅማንስ ትምህርቱን እንዴት ይዞታል? ትንሿ ዱኒያ ጥርስ አወጣች የሚለውን ወሬ እማ ከሰማች ጀምሮ በሰፈሩ ያልነገረችው ሰው የለም፤ ጎረቤቱ ሰልችቶት እንኳ እሷ አልሰለቻትም። አላህ ያሳድግላችሁ። እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። እማ ስኳሯ ረገብ ብሎላታል፣ መድኃኒቷንም ሳትጨቃጨቅ ትውጣለች። ሙቀቱ እንደምታውቀው ነው፤ ሲዘንብ ጎርፍ፣ ሲያባራ እሳት። እኔም ደህና ነኝ ልበል፤ ገና ሰላምታ ላይ ሆኜ ሌላ ነገር አልጻፍ።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። ስልክ በእጁ እያለ ማን ወረቀት ያበላሻል ትል ይሆናል። በስልክማ ሞክሬ ነበር እኮ! ያን ቀን ስትደውልልኝ ገና ሄሎ ከማለቴ፣ ሰው የነገረህን ለምን አትሰማም ብለህ ጀመርክ። እኔ አብዲ ቆየኝ ስል፣ አንተ ዝም በል፣ ይቅርታ በላቸውና ጨርስ፣ እዚያ ቤት ስሜን አታስጠፋ ስትል፣ መስመሩ ተቋረጠ። ኔትወርኩ ይሁን አንተ ትሁን እስካሁን አላውቅም። ታላቄ ነህ፤ በስልክ አንተ ትናገራለህ፣ እኔ እሰማለሁ፤ ያደግነው እንደዚያ ነው። ወረቀት ላይ ግን ልታቋርጠኝ አትችልም። የአክስታችን ልጅ ሃሊሞ ነገ ለንግዷ በባቡር ወደ እናንተ ስለምትመጣ በእሷ እጅ ልኬልሃለሁ። እባክህን እስከ መጨረሻው አንብበው፤ ከዚያ የፈለግከውን ስደበኝ።

ነገሩ የጀመረው ከጨጓራዬ ነው። ከረመዳን በኋላ ደም አስታወከኝ፤ ይሄን ለእማ አልነገርኩም፣ አንተም እንዳትነግራት። ሐኪሙ አየኝና ጫት የሚባል ነገር ሁለተኛ ወደ አፍህ እንዳታስጠጋ አለኝ። መሞት ደግሞ አልፈልግም፤ ተውኩት። ጫቱን መተው ቀሎኝ ነበር ብል ማን ያምናል? እኔ ግን እንደዚያ ነው የምልህ። የከበደኝ ሌላ ነገር ነው።

ያቺን ከመጋዘኑ ጀርባ ያለች ክፍል መቼም አትረሳትም። እዚህ በምትሠራበት ጊዜ የመጀመሪያውን ምንጣፍ ያነጠፍክባት አንተ ነህ። መከዳዎቹንም ከታይዋን ገበያ ተሸክመህ ያመጣሃቸው አንተ ነህ፤ ዛሬም አሉ፣ ጨርቃቸው ብቻ ተቀይሯል። ዛሬም እንደያኔው ነው። ፀሐይዋ አናት መብሳት ስትጀምር ሥራ ይቆማል፣ ምሳ ይበላል፣ ከዚያ ሁሉም ጫቱን ይዞ እዚያ ይሰበሰባል። የቢሮው ስብሰባ ሰኞ ጠዋት ነው ይላሉ። አቦ ተወኝ! ሰኞ ጠዋት የሚደረገው ያለቀውን ነገር መናገር ነው። የትኛው መኪና ምን ይጭናል፣ የትኛው ነጋዴ ይታገሥ፣ ማን ወዴት ይዛወር፣ ሁሉም የሚቆረጠው በርጫው ላይ ነው። እኔ ስም ብቻ ነው የመጋዘን ኃላፊ የሚለኝ፤ ኃላፊነቱ ያለው ፍራሹ ላይ ነው።

መቃሙን እንደተውኩ መጀመሪያ ሳቁብኝ። አዚዝ ሼኽ ሆነ፣ አሁን ፈትዋ ይሰጠናል አሉ። አንተ ከሄድክ በኋላ ሥራ አስኪያጅ የሆነው ኒቆዲሞስ፣ ጨጓራ የሌለበት ማን አለ፣ እኛስ ብረት በላን እንዴ ብሎ አሾፈብኝ። እኔም ሳቅኩ። ሳልቅም ዝም ብዬ ልቀመጥ ብዬም ሞክሬ ነበር፤ ግን ሳይቅም አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ያስጨንቃቸዋል። እነሱ ሞቅ ብሏቸው ሲያወሩ አንዱ ባዶ ጉንጩን ይዞ ሲያያቸው፣ ወሬያቸውን የሚመዘግብባቸው ይመስላቸዋል። ለእኔም ፈተና ነበር። ስለዚህ ከሰዓት ከሰዓት ቤት መሄድ ጀመርኩ። እማ ደስ አላት፤ ልጄ ሰው ሆነልኝ አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት ላስረዳህ? ማንም አልተጣላኝም። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ብቻ ጠዋት ስገባ ሁሉም የሚያውቀውን እኔ አላውቅም። መኪና በር ላይ ቆሞ ሹፌሩ ክፈትልኝ ይለኛል፤ የምን መኪና ነህ ስለው በድንጋጤ ያየኛል። የቀን ሠራተኛው እንኳ ከእኔ በፊት ያውቃል። ለምን አልነገራችሁኝም ስላቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ እንዴ፣ በርጫ ላይ ተብሎ ነበር እኮ! ይሉኛል። ልክ እዚያ ፍራሽ ላይ የተወራ ነገር ግድግዳውን ሰንጥቆ፣ ሳቢያን ሰፈራችን ድረስ ሄዶ፣ የተኛሁበት አልጋ ድረስ የሚመጣልኝ ይመስል። የሚያናድደው ደግሞ ከልባቸው መሆኑ ነው። የነገሩኝ ይመስላቸዋል።

ገንዘብ ያዣችን የሺመቤት አንድ ቀን እንዲህ ስቆጣ ሰማችኝና ከመስኮቷ ውስጥ ሳቀች። እንኳን ወደኛ ሰፈር በደህና መጣህ አለችኝ። እኔ እዚህ ቤት ስሠራ አንድም ነገር ሲወሰን ሰምቼ አላውቅም፣ ሁሌ ተወስኖ ነው የምሰማው አለች። አስተውል፣ ሴት ሆና ያቺ ክፍል ውስጥ አትገባም፤ ማንም አትግቢ አላላትም፣ ማንም ግቢም አላላት። ዞር ብላ ደግሞ፣ አንተስ እዚያ በነበርክ ጊዜ መጥተህ ነግረኸኝ ታውቃለህ አለችኝ። ሙቀቱ ከፍቷል አይደል ብያት ወጣሁ።

አሁን ወደተደወለልህ ነገር ልምጣ። የሁለተኛው መጋዘን ቆርቆሮ ዝጎ ስለነበር እንዲቀየር በርጫ ላይ ይወሰናል። ቀኑ ሐሙስ ነው። እሁድ በያጁ መጥቶ ጣሪያውን ያነሳል፣ ስለዚህ እዚያ ዕቃ እንዳይገባ ተባለ። ማን ለአዚዝ ይንገረው ሲባል፣ ጦልሃ እኔ እነግረዋለሁ አለ። ያንተው ጦልሃ፣ የጭነት ተቆጣጣሪያችን። እማ ከእኛ እኩል እያጎረሰች ያሳደገችው፣ አንተ ጅቡቲ ስትሄድ አንገትህን አቅፎ ያለቀሰው ጦልሃ። አልነገረኝም። አርብም አልነገረኝም፣ ቅዳሜም አልነገረኝም፤ ቅዳሜ እንዲያውም አጠገቤ ቆሞ ስለ ኳስ ሲያወራልኝ ነው የዋለው።

ቅዳሜ ማምሻውን የወይዘሮ ሳሕራ ዕቃ ገባ። ታይዋን ጨርቅ የምትሸጠዋ ሳሕራ ናት፤ ለአረፋ እንኳን አደረሰህ ብላ ሳትደውልልኝ የማትቀር ሰው። ቦንዳ ጨርቅ ነበር። እኔ ሞኙ፣ ጎርፍ ቢመጣ እንኳ እንዳይነካባት ብዬ ወለሉ ከፍ ወዳለው ወደ ሁለተኛው መጋዘን አስገባሁላት። ቆልፌ ሄድኩ። እሁድ በያጁ መጥቶ ጣሪያውን ሲከፍት ዕቃውን ከላይ ያየዋል። ለዘበኛው፣ ከሥር ዕቃ አለ እኮ ይለዋል። ዘበኛው ደግሞ ኃላፊው ራሱ ነው ያስገባው፣ አውቆ ነው ይለዋል። ተመልከት እንግዲህ! ለእኔ ለመደወል የፈለገ አንድ ሰው ጠፋ። በያጁ ቆርቆሮውን አንስቶ ሰኞ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ፤ ያን ሌሊት ዝናቡ ወረደ። ደቻቱ ወንዝ እንዴት አድርጎ እንደሞላ ሰምተህ ይሆናል።

ሰኞ በሩን ስከፍት የጨርቁ ቀለም ለቆ ወለሉ ቀይና ሰማያዊ ውሃ ሆኗል። ሳሕራ መጣች። ትጮሃለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። አንዱን ቦንዳ በእጇ ጫን ጫን አደረገችው፣ ውሃ ወጣው፣ ከዚያ ቀና ብላ አዚዝ፣ እኔ እኮ አንተን አምኜ ነበር አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር ወላሂ።

ቢሮ ተጠራሁ። ኒቆዲሞስ በሁሉም ፊት፣ ጣሪያው እንደሚከፈት ተነግሮህ እያለ ለምን አስገባህ አለኝ። ማን ነው የነገረኝ አልኩ። ሁሉም ዞረው ጦልሃን አዩት። እኔም አየሁት፤ ረስቼው ነው ቢል እኔ ራሴ ለምኜ ይቅርታ አስደርግለት ነበር። እሱ ግን ወደ መሬት እያየ፣ ነግሬዋለሁ፣ ሐሙስ በር ላይ ሲወጣ ነግሬዋለሁ አለ። በቃ። ሐሙስ በየትኛው በር? እሱ ፍራሽ ላይ ተጋድሞ ሳለ እኔ ቤቴ ገብቼ እማ የቀዳችልኝን ውሃ እጠጣ ነበር። ወላሂ አልነገረኝም አልኩ። ማን ይስማኝ? ሲነገረኝ ያየ የለም፣ እነግረዋለሁ ሲል ግን ሁሉም ሰምተዋል። ለእነሱ ሁለቱ አንድ ነው።

ያን ዕለት ማታውኑ ጦልሃ ላንተ ደወለ። አንተም ለእኔ ደወልክ። ያልከኝን አልደግመውም፣ አንተም አልረሳኸውም።

በማግስቱ ኒቆዲሞስ ትከሻዬን ይዞ፣ ይሄ ነገር በቢሮ አያልቅም፣ ሐሙስ ና፣ ከኛ ጋር ተቀመጥ፣ አጥፍቻለሁ በል፣ በዚያው ያልቃል አለኝ። ያልሠራሁትን? አዎ፣ ያልሠራኸውን፣ ምን ይጎድልብሃል አለኝ። እንቢ ልል ነበር። ግን አንተ ስሜን አታስጠፋ ብለኸኛል። ላንተ ስል ሄድኩ አብዲ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ስገባ ደስ አለኝ። ሁሉም ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ፣ አንዱ መከዳ ሰጠኝ፣ አንዱ ቀዝቃዛ ውሃ አመጣልኝ። ናፍቀኸናል አሉኝ፤ የምራቸውን ነው። አጥፍቼ ከሆነ አፉ በሉኝ አልኩ። አፉ ብለናል ብለው ሳቁ፣ ያው በዚያ አለቀ፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ያልተኛሁበት ነገር ውሃ ጠጥቶ ለመጨረስ በሚበቃ ጊዜ ውስጥ አለቀ። ጦልሃ ከጫቱ ለስላሳ ለስላሳውን ቀንበጥ መርጦ በእጄ አስያዘኝ፤ እንደማልቅም እያወቀ፣ ለክብር መሆኑ ነው። ሌሎቹ ሲንጫጩ ጠብቆ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለና፣ ወላሂ ረስቼው ነው፣ ሞቅ ብሎኝ ነበር፣ ያ ሁሉ ዓይን ሲያፈጥብኝ ምን ልበል፣ አንተ ጅቡቲ ወንድም አለህ፣ እኔ ማን አለኝ አለኝ። ወንድም አለህ አለኝ እኮ፣ ትሰማለህ? ቀንበጡን ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩት።

ቢሆንም ዝም ብዬ እቀመጥ ነበር። ይህንንም ውጬ ሥራዬን እቀጥል ነበር፤ እማን የማበላው እኔ ነኝና። ግን ቀን ሲያዘቀዝቅ፣ ሲመረቅኑና ድምፃቸው ዝቅ ሲል፣ ወሬው ወደ የሺመቤት ዞረ። መስከረም ላይ ከከተማው ርቃ ሁርሶ ወዳለችው ትንሽ መጋዘን ልትዛወር ነው። የእሷን ወንበር የኒቆዲሞስ የእህቱ ልጅ ትይዘዋለች። የሺመቤት ሳቢያን የአልጋ ቁራኛ የሆነች እናት አላት፤ ባሏ የባቡር ሠራተኛ ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ አይገኝም። ሁርሶ ሄደሽ ሥሪ ማለት ሥራሽን ልቀቂ ማለት መሆኑን ሁሉም ያውቃሉ። አንዱ፣ ሰምታለች እንዴ ሲል፣ ሲደርስ ትሰማዋለች አለ ኒቆዲሞስ፤ ተሳሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ አዚዝ፣ እዚህ የተባለ እዚህ ነው የሚቀረው፣ ደንቡን ታውቀዋለህ አለኝ። አውቀዋለሁ አልኩት።

ጉድ እኮ ነው! ለእኔ ሲሆን እዚያ የተባለው ሁሉ እንደተነገረኝ ተቆጥሮ ጥፋተኛ እባላለሁ። ለእሷ ሲሆን ደግሞ እዚያ የተባለ እዚያው ይቅር። እና ማን ነው ታዲያ የሚሰማው? እነሱ ብቻ! ሲያወሩም እነሱ፣ ሲሰሙም እነሱ፣ ሲፈርዱም እነሱ። ስለ እኔም እንዲህ ተጋድመው፣ እንዲህ ቀንበጥ እየመረጡ ነበር ያወሩት።

አርብ ጠዋት የሺመቤት በበሩ ስትገባ ጠብቄ ነገርኳት። አላለቀሰችም። አመሰግናለሁ እንኳ አላለችኝም። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ አዲስ አበባ ላሉት ለድርጅቱ ባለቤት ደወለች፤ ያለችበትን ችግር ሁሉ ዘረዘረችላቸው። ለካ እሳቸውም አያውቁ! ዝውውሩ ቀረ። ከሰዓት ሳይደርስ ኒቆዲሞስ ግቢው ውስጥ አቁሞ፣ ማን ነው የነገራት አለኝ። በክፍሉ ከነበሩት ሳይቅም ውሃ ብቻ ሲጠጣ የነበረው እኔ ብቻ ነኝ፤ ሳይጠይቀኝም ያውቃል። እኔ ነኝ፣ በር ላይ ስትገባ ነገርኳት አልኩት። ጦልሃ ከመኪና ሥር ቆሞ ይሰማ ነበር። ቁልፎቹን አምጣ አለኝ ኒቆዲሞስ። ሰጠሁት። በወረቀቱ ላይ የተባረርኩት በሳሕራ ጨርቅ ነው፤ እውነተኛውን ምክንያት ወረቀት አይችለውም።

የሺመቤትን ባለፈው ታይዋን አየኋት። ባጃጅ ውስጥ ነበረች፣ አጠገቧ ደግሞ ከመሥሪያ ቤት የሆነ ሰው ነበር። ዓይን ለዓይን ተያየን፤ ፊቷን ወደ ሌላ በኩል አዞረች። ፈርታ ነው፣ ይገባኛል። አልፈረድኩባትም ብዬ ግን አልዋሽህም። ፈርጄባታለሁ።

ለእማ እኔው ራሴ ነገርኳት። ከሰው አፍ እንድትሰማው አልፈለግኩም። ልብስ እያጠፈች ነበር፤ አብዲ ያውቃል ወይ አለችኝ። ከእኔ በፊት ያውቃል አልኳት። ምን አለህ ታዲያ አለች። ይቅርታ በል አለኝ አልኳት። ልብሱን አጥፋ ጨረሰችና እራት አቀረበችልኝ።

ይሄ ወረቀት እጅህ እስኪገባ እነሱ ደጋግመው ደውለውልሃል። አዚዝ ወሬ አመላላሽ ሆነ፣ የበርጫ ምስጢር ለሴት አወጣ ብለውሃል። አውጥቻለሁ። ለዚህ ይቅርታ የምለው ሰው የለም። ሥራም ፈልግልኝ አልልህም፤ አላህ ያውቃል። በጦልሃም ከዚህ በላይ አልናደድም፤ ፈሪ ነው፣ ፈሪ ሲጨንቀው ይዋሻል። ያልገባኝ አንተ ነህ። እሱ ደውሎ ያንን ሁሉ ነገረህ፣ ደህና። ስልኩን ዘግተህ ለእኔ ስትደውል፣ አዚዝ ምን ሆንክ ማለት እንዴት አቃተህ? እዚያ ክፍል ገብቼ ያላጠፋሁትን አጥፍቻለሁ ያልኩት ለኒቆዲሞስ ብዬ ይመስልሃል? ጠይቀኸኝ ቢሆን ኖሮ ያን ሐሙስ እግሬ እዚያ አይረግጥም ነበር። አንተ ያነጠፍከው ምንጣፍ ላይ ነው የተዋረድኩት፣ ያንተን ስም ልጠብቅ ብዬ።

አሁን ደግሞ አንብበህ ስትጨርስ ወደ ጦልሃ ደውለህ፣ ወንድሜ የሚለው እውነት ነው ወይ ብለህ እንዳትጠይቀው አደራ። እኔን ጠይቀኝ። ብትሰድበኝም እኔን ስደበኝ፤ ስልኬ ክፍት ነው።

ኢፍራህን ከልብ ሰላም በልልኝ፤ ለእማ የላከችው ሽቶ ደርሷል፣ ለጁምዓ ብቻ ነው የምትቀባው። ሉቅማንን ሳምልኝ፤ አጎትህ ቃል የገባልህን ኳስ አልረሳም በለው፣ ትንሽ ይታገሠኝ። ዱኒያን በእማ ስም ግንባሯን፣ በእኔ ስም ጉንጯን ሳምልኝ። ጎረቤታችሁ አዛውንቱን፣ ለእማ ዱዓ የሚያደርጉላትን፣ እጅ ነስቷል በልልኝ። ከዚህ በኩል እማ ትስምሃለች፤ ወገብህን ዘይት አስሸው ብላለች። ሃሊሞን ደህና አድርጋችሁ አስተናግዷት፣ ጉዞው አድካሚ ነው። ምን እንደጻፍኩ አታውቅም፤ ምንድነው የያዝኩት፣ ንገረኝ እንጂ ብላ ስትጨቀጭቀኝ ነበር። ቆይ፣ መጀመሪያ እሱ ይስማ አልኳት።

ታናሽ ወንድምህ
ዓብዱልአዚዝ
ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
ነሐሴ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.